አነባበሮና የባሕር ማዶ ዘመዶቹ



የታሪክ ነገር ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ነገሥታቱ ዘውድ፣ ወደ ጦር ሜዳና ወደ ውል ሰነድ ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ ውሉን የጻፈው ጸሐፊም ማለዳ ተነሥተው የቀመሱት እህል ነበረ፤ ያንን እህል ፈጭታ፣ አቡክታና ጋግራ ያቀረበች እጅም ነበረች። ስለዚህች እጅ ሥራ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዛሬው ንግግራችን ከማጀት የወጣ አንድ ነገር አንሥተን ታሪኩን እንመረምራለን። ነገሩም አነባበሮ ነው።

በሥራ ጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ የተላካችሁ ሁሉ ሉማሜን ታውቋታላችሁ። የዓባይን በረሃ ወጥታችሁ ደጀንን ካለፋችሁ በኋላ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት ከተማ ብትመስልም፣ ከጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋው ማሳ የጤፍና የስንዴ አገር መሆኑን ይመሰክራል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል፤ በየቤቱም የበዓል ዝግጅት ይጀመራል። በጎጃም ምድር የበዓል ገበታ ራስ ድፎ ዳቦ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። በነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ለልጆች የሚታደለው ሙልሙልም የራሱ ክብር አለው። አነባበሮ ግን እንደ ድፎ ዳቦ በአደባባይ የሚታይ፣ በካህን ተባርኮ የሚቆረስ አይደለም። የቤት ሰው፣ የቅርብ ዘመድ፣ በማለዳ የመጣ የክብር እንግዳ የሚቀምሰው የጓዳ ምግብ ነው። ምናልባት የታሪክ ጸሐፊ ዓይን ሳያርፍበት የቀረው በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። «ማነባበር» ማለት አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ነው፤ አነባበሮም ሁለት እንጀራ ተደራርቦ፣ በመካከሉና በላዩ ቅቤና በርበሬ ጠጥቶ፣ አንድ አካል ሆኖ የሚበስል ማለት ነው። በጎጃም ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በሸዋም፣ በጉራጌም፣ በሌላውም አገር አለ፤ ከጤፍም፣ ከስንዴም፣ ከገብስም ይሠራል። እኛ ዛሬ ጎጃምን የያዝነው እህሉም፣ ቅቤውም፣ ማሩም በአንድ አገር ተሟልተው ስለሚገኙበትና የታሪኩ ፈትል ከዚያ ሲሳብ ረጅም ሆኖ ስለሚወጣ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ማብራራት ተገቢ ነው። ይህ ጸሐፊ በባልትና ስሙ የሚጠራ ሰው ባይሆንም ያየውንና ከባለሙያዎች የሰማውን ይናገራል። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከዳቦ ሊጥ ቀጠን ያለ ነው። በእርሾ ቦክቶ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ምጣዱ ሲግል በጎመን ዘር ይታሰስና ሊጡ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየተዞረ ይፈስሳል። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎ ይደፋበታል፤ ሲበስልም በሰፌድ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ የምትሠራው ሥራ ነው። ጥበቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሊጥ በምጣዱ ላይ ይፈስሳል፤ ዓይኑ ማውጣት ሲጀምር፣ ፊቱ ግን ገና እርጥብ ሳለ፣ የፊተኛው ዓይን ለዓይን ገጥሞ ይነባበርበታል። ጋጋሪዋ ጥቂት ብትቸኩል የታችኛው ሊጥ ከክብደቱ የተነሣ ተጨፍልቆ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ጥቂት ብትዘገይ ደግሞ ፊቱ ይደርቅና ሁለቱ አልጣበቅ ብለው ሁለት እንጀራ ሆነው ይቀራሉ። በችኮላና በመዘግየት መካከል ያለችው ጊዜ ከትንፋሽ ጥቂት የምትረዝም ናት። ይህችን ጊዜ የምታሳውቀው ሰዓት ሳትሆን የሊጡ መልክ፣ የእንፋሎቱ ሽታና የምጣዱ ድምፅ ነው።

ከተጣበቀ በኋላ ተገልብጦ ሁለቱም ፊት በእሳት ጠቆር ጠየም ይላል። ገና ትኩስ ሳለ በበርበሬ ወይም በአዋዜ የተለወሰ ንጥር ቅቤ ይቀባል። አንዳንዷ ባለሙያ ቅቤውን በሁለቱ መካከል ቀድማ ታኖራለች፤ አንዳንዷ ከላይ ቀብታ በዓይኖቹ በኩል እንዲሰርግ ትተወዋለች። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በየአገሩ ያለ ስለ ሆነ ፍርዱን ለቀማሽ ትተን እንለፍ። ከአይብ ወይም ከእርጎ ጋር ሲቀርብ ግን የበርበሬውን ቁጣ ያበርደዋልና መልካም ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የአነባበሮን ዕድሜ የሚነግረን መጽሐፍ የለም፤ የተሠራባቸው ነገሮች ግን እያንዳንዳቸው ዕድሜና የትውልድ አገር አላቸው። እነዚህን አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው የሚመልሱልን ብዙ ነው።

እህሉን እናስቀድም። ጤፍ የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ሰው ከዱር ወስዶ ያለመደው በዚህችው ምድር መሆኑን የእህል ሊቃውንት ተስማምተውበታል። ስንዴና ገብስ ግን ከቅርብ ምሥራቅ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን በጥንት ዘመን መጥተው እንደ አገር ልጅ ሆነዋል። የአክሱም ነገሥታት ገና ክርስትና ሳይገባ ባሳተሙት የወርቅ ገንዘብ ላይ የንጉሡ መልክ በግራና በቀኝ በእህል ዛላ ታቅፎ ይታያል። ንጉሥ በገንዘቡ ላይ የሚያሳትመው የሚኮራበትን ነው። ሩስያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 በአገራችን ተዘዋውሮ ዘር ሲሰበስብ የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቆ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ዓይነት ምንጮች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ስንዴ እንኳ ከእኛ አገር ማሳ አግኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ በአውሮፓ ሰው እጅ ስለ እንጀራችን የተጻፈውን ብንፈልግ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገሩ ከስንዴና ከገብስ ሌላ ከጤፍና ከዳጉሳም እንጀራ እንደሚሠራ መዝግቧል። አልቫሬዝ ስለ ምግባችን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ፊቱን አጨማድዶ ነው፤ የእንግዳ ሆድ እንዲህ ስለ ሆነ አንቀየመውም።

ስለ ጎጃም ይበልጥ የሚነግረን ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ወጥቶ ነበር። ስለ ዓባይ የጻፈውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ስለ ቅቤ የጻፈውን ግን ያነበበ ጥቂት ነው። በምንጩ ዙሪያ የሚኖሩት አገው ሕዝብ የጎንደርን ከተማ በከብት፣ በማር፣ በሰምና በቅቤ ይመግቡ እንደ ነበር ይናገራል። መንገዱ ረጅም፣ ፀሐዩም ብርቱ ስለ ሆነ ቅቤው እንዳይበላሽ ከአንድ ቢጫ ሥር ጋር ቀጥቅጠው ይለውሱት ነበር ይላል፤ ስሙንም በራሱ አጻጻፍ «ሞክሞኮ» ብሎ ይጠራዋል። ክቡራን አንባቢያን፣ ይህ መቅመቆ መሆኑን ማን ይስተዋል? ዛሬም ባለሙያ ሴት ቅቤ ስታነጥር መልኩ እንዲያምር መቅመቆ ትጨምራለች። ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍና የዛሬው ጓዳ በአንዲት ሥር ተገናኙ ማለት ነው።

ብሩስ ስለ ኮባም ጽፏል፤ ሥዕሉንም አስሎ አሳትሟል። ዛሬ በጎጃም ኮባ የሚተከለው በቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ብሩስ ግን በሜጫና በጉቶ አካባቢ ነዋሪው ግንዱን እየቀቀለ ዋና ምግቡ አድርጎት እንደ ነበር መስክሯል። እንግዲህ አንድ አገር ይበላው የነበረውን ተክል ትቶ ቅጠሉን ብቻ ለዳቦ ማስቀረቱን ስናይ፣ «የጥንት የአባቶቻችን ምግብ» የምንለው ነገር በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረ መሆኑን እንረዳለን።

ከዚህ በኋላ ባሕር እንሻገር። በህንድ አገር፣ በተለይም በማሃራሽትራ፣ ሆሊ በሚባለው የፀደይ በዓል ቀን በየቤቱ የሚጋገር ፑራን ፖሊ የሚባል ቂጣ አለ። «ፑራን» በውስጡ የሚገባው ማለት ነው፤ «ፖሊ» ደግሞ ቂጣው። የተከካ ሽምብራ ተቀቅሎ፣ ከሸንኮራ አገዳ ከተገኘ ጥቁር ስኳር ጋር ተፈጭቶ፣ ሄል ተጨምሮበት ጣፋጭ እንደ ሆነ በስንዴ ሊጥ ውስጥ ይደበቃል፤ ሊጡም ተዳምጦ ቀጭን ቂጣ ይሆንና በጋለ ምጣድ ላይ በንጥር ቅቤ ይበስላል። በደቡብ ህንድ ስሙ ሆሊጌ፣ ኦባቱ፣ ቦባትሉ እየተባለ ይለዋወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት የቻሉክያው ንጉሥ ሶሜሽቫራ 3ኛ ባስጻፈው «ማናሶላሳ» በተባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ቂጣ አሠራር ይገኛል። ንጉሥ ተቀምጦ የቂጣ አሠራር ማስጻፉ ሊያስቀና ይገባል፤ የእኛ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ ይቆጥራሉ እንጂ ምጣዱ አጠገብ ስለሚሠራው ነገር ብዙ አይሉም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን መምህራን ያስተምሩ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ ከመምህራኑ ቤት የበዓል ቂጣ የቀመሰ ተማሪ ካለ፣ የእናቱን አነባበሮ ሳያስታውስ አይቀርም። በሁለቱም ስንዴ አለ፤ በሁለቱም ንጥር ቅቤ አለ፤ ሁለቱም በመካከላቸው ምሥጢር ይዘው በምጣድ ላይ ይገለበጣሉ። ሄልና የእኛ ኮረሪማ እንኳ ከዝንጅብል ወገን የሆኑ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አነባበሮ ከህንድ የመጣ ነው» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። አነጋገሩ ከንቱ አይደለም፤ የንግዱ ታሪክ ይደግፈዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ፣ በግብፅ የሚኖር ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ በግሪክ ቋንቋ የጻፈው መጽሐፍ አለ። የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ከተማ በስም የሚጠራው ይኸው መጽሐፍ፣ ከህንድ ባሪጋዛ ወደብ ተነሥተው ዛሬ የሶማሌ ጠረፍ ወደምንለው የሚመጡ መርከቦች የሚጭኑትን ሲዘረዝር ስንዴ፣ ሩዝ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የሰሊጥ ዘይትና «ሳካሪ» የሚባል የሸንኮራ ማር ይላል። ስንዴ፣ ንጥር ቅቤና የሸንኮራ ጣፋጭ! የፑራን ፖሊ ዕቃ በሙሉ፣ ከሽምብራው በቀር፣ ከ1,900 ዓመት በላይ አስቀድሞ በአፍሪካ ቀንድ ወደብ ላይ ተራግፏል። በደብረ ዳሞም የህንድ ኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ከ100 የሚበልጥ መገኘቱ ግንኙነቱ የወሬ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ፍርዱ መቸኮል የለበትም። አንደኛ፣ የህንዱ ቂጣ ያልቦካ ሊጥ ሆኖ ሆዱ የሚሞላ ነው፤ የእኛው በእርሾ የቦካ ሆኖ የሚነባበር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የጥበቡ ሁሉ መሠረት ነው፤ ዓይን ያላወጣ ሊጥ ከዓይን ጋር ሊጣበቅ አይችልምና። እንጀራን የሚያህል ጥበብ ያለው ሕዝብ ሁለቱን ለመደረብ ከሩቅ አገር አስተማሪ መጠበቅ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ማስረጃ ሽምብራው ነው። ሽምብራ መጀመሪያ የለማው ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ከዚያ ወደ ህንድም ወደ እኛም መጥቷል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለ ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ ወደ 2,500 ዓመት ገደማ የሆነው ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል። ዛሬ ከዓለም ሽምብራ በማምረት ህንድ የመጀመሪያዋ ስትሆን ከአፍሪካም ኢትዮጵያ ፊተኛዋ ናት። የጎጃም ጥቁር ዋልካ መሬት ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራ ይዘራበታል። አንድ እህል ሆኖ ሳለ ግን በህንድ ጓዳ ጣፋጭ ሆነ፤ በእኛ ጓዳ ሽሮ ሆነ። ቂጣውን ከህንድ ብንማር ኖሮ ሽምብራውን በስኳር ማላቆጡንም አብረን በተማርን ነበር።

ይህ ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያደርሰናል። ማር እንደ ውሃ በሚፈስስበት በጎጃም ምድር የበዓል እንጀራ ለምን ጣፋጭ አልሆነም?

መልሱ፣ እንደሚመስለኝ፣ ማሩ ጌታ ስለ ነበረው ነው። ማር የግብር ዕቃ ነበረ። ገበሬው ለገዢው፣ ገዢው ለንጉሡ በማር ይገብር ነበር። ከግብር የተረፈውም ጠጅ ይጣልበታል፤ ጠጅም በቀድሞ ዘመን እንደ ዛሬው ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚጠጣው ሳይሆን የመኳንንት ማዕረግ ምልክት ነበረ። ስለዚህ ማሩ ከገበሬው ጓዳ ወጥቶ ወደ ግቢ ይሄዳል እንጂ በቂጣ መካከል አይቀበርም። ስኳርም ቢሆን በአገር ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው የሆላንዱ ኩባንያ በወንጂ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ከከፈተ ወዲህ ነው። ሸንኮራ አገዳ ልጆች ይመጡት ነበር እንጂ እንደ ህንድ አፍልቶ ጥቁር ስኳር ማውጣት በደጋው አልተለመደም። በገበሬው እጅ የሚቀረው የክብር ዕቃ ቅቤ ነው። ቅቤ ምግብ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ለሙሽራና ለአራስ ራስ ላይ የሚቀባ ቅባት ነው። እንግዳን ማክበር የፈለገች ሴት በእጇ ካለው ሁሉ የከበረውን በሁለት እንጀራ መካከል አኖረች።

በርበሬው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይናገራል። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያም፣ በህንድም፣ በአውሮፓም የቀመሰው ሰው አልነበረም። እንግዲህ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አነባበሮ ተጋግሮ ከነበረ መልኩ ቀይ አልነበረም። ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ኮረሪማ ቅመሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በርበሬ ግን አልነበረበትም። በርበሬን ያላወቀ የኢትዮጵያ ወጥ መገመት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቅቤውን የምታስጌጠው እርድም የትውልድ አገሯ የእስያ ምድር ነው። ስለዚህ ዛሬ በሉማሜ በአንዲት ቀን ማለዳ የሚጋገር አነባበሮ የአገር ጤፍ፣ የቅርብ ምሥራቅ ስንዴ፣ የአሜሪካ በርበሬ፣ የእስያ እርድ፣ የጎጃም ቅቤና የኢትዮጵያ ደን ኮረሪማ በአንድ ምጣድ የተገናኙበት ነው።

ይህ ሁሉ የተትረፈረፈ አገር ያስመስላል። ነገር ግን የቅቤ እንጀራ ከምጣድ ላይ የጠፋበት ዘመን ነበረና እሱን ዘሎ ማለፍ ታሪክን ማጉደል ነው።

በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሣር ውሃ ከደርቡሽ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ንጉሡ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ስለ ተጣሉ የዐፄው ጦር ጎጃም ገብቶ አገሩን አጠፋው። በዚያው ዘመን የከብት በሽታ ከምፅዋ ተነሥቶ በደጋው ሁሉ ተሰራጨ። ጣልያኖች ለሠራዊታቸው ከህንድ ባስመጧቸው ከብቶች እንደ ገባ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ባሕሩ ቅመምና ስንዴ ብቻ አላመጣም ማለት ነው። ከአገሩ ከብት ከ10 እጅ 9 እጅ ገደማ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ላም ስትጠፋ ወተትና ቅቤ ነጠፈ፤ ዝናብ ማጣትና አንበጣም ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ይህ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ይጠራል። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው በእጃቸው መቆፈራቸው የተመዘገበው በዚሁ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን የነበረች የጎጃም እናት ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ሁለት እንጀራ ልታነባብር ቀርቶ አንዱን ከየት እንደምታመጣ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ላም ተራብታ፣ ቅቤ ተንጦ፣ ጥበቡ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ያስተላለፉት ከሞት የተረፉ ሴቶች ናቸው።

ስለ እነዚህ ሴቶች ድካም ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። ሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት እህሉ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ፣ በመጅ፣ በጉልበት ተንበርክኮ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለ ሆነ ይቀልላል የሚል ሰው ካለ አንድ ቁና ራሱ ፈጭቶ ይመልከት። የበዓል ሰሞን ሴቶች ከሌሊቱ ዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥተው ይፈጩ ነበር፤ የወፍጮ ዘፈን የሚባለው የግጥም ዓይነት የተወለደው ከዚህ ድካም ነው። በባለጠጎችና በመኳንንት ቤት ደግሞ የሚፈጩት ገረዶችና ባሪያዎች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት በየግቢው የቀረበው ያማረ የበዓል ገበታ በማን ጀርባ ተፈጭቶ እንደ ቀረበ ስናስብ የቅቤው ጣዕም ጥቂት መረር ይላል። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887፣ ያደረጉት ታላቅ ግብር በታሪክ ይወሳል፤ እቴጌይቱም በባልትና አዋቂነታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ከመጋረጃው በስተ ጀርባ በጭስ ውስጥ የነበሩት እጆች ግን ስማቸው አልተጻፈም።

ሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ከተሞች ሲገባ የሴቶች ጉልበት አረፈ። ይህን በመሰለ ለውጥ የሚያዝን ሰው ካለ ፈጭቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣና ኩበቱና ጭሱ ቀረ፤ ዓይንም ዳነ። በኤሌክትሪክ ምጣድ አነባበሮ መጋገር ይቻላል። እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለ ሆነ እንዲያውም ይቀልላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ጭሱ የሚሰጠውን መዓዛ ግን አይሰጥም። እስከዚህ ድረስ ምንም የጠፋ ነገር የለም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ድፎ ዳቦን ዳቦ ቤት ይጋግራል፤ እንጀራንም ገዝቶ መብላት በከተማ ተለምዷል። አነባበሮን ግን የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት አዳጋች ነው። ከምጣድ እንደ ወረደ ካልተበላ ቅቤው ይረጋል፣ ሊጡም ይደርቃል፤ ለገበያ የሚመች ምግብ አይደለም። ስለዚህ በቤት ካልተጋገረ የትም አይጋገርም። ከአገሯ ርቃ በአዲስ አበባ የምትሠራ የጎጃም ልጅ ጠዋት ቢሮ፣ ማታ ትራንስፖርት ሲጠብቃት ሁለት ቀን የሚቦካ ሊጥ የምታቦካበት ጊዜ ከየት ታገኛለች? ሥራው የእሷ ብቻ መሆን አለበት ያለውስ ማን ነው? ወንድሟ ወይም ባሏ ሊጡን ቢያፈስስ ምጣዱ አይሰበርም።

ከክቡራን አንባቢያን ብዙዎቻችሁ ለበዓል ወደየትውልድ አገራችሁ ትሄዳላችሁ። ወረቀትና እርሳስ መያዝ ልማዳችሁ ነውና በዚህ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ያልሆነ ጥቂት ነገር ብትጽፉ መልካም ነው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ምጣድ ስትጥድ አጠገቧ ቁሙ። ቅቤዋን ስታነጥር የምትጨምረውን ቅመም ሁሉ በአገሩ ስም ጻፉ፤ ኮሰረቱ ስንት፣ መቅመቆው ስንት መሆኑን በጣት ስትቆነጥር እዩና መዝኑት። በጾም ቀን በቅቤው ፋንታ የኑግ ወይስ የሱፍ ዘይት እንደምትጠቀም ጠይቁ። ለማን፣ በየትኛው በዓል፣ በስንት ሰዓት ይቀርብ እንደ ነበር፣ ከእሷም በፊት እናቷ እንዴት ትሠራ እንደ ነበር ጠይቁ። ሁለተኛው ሊጥ ከፈሰሰ በኋላ የፊተኛው እስኪነባበርበት ድረስ ያለችውን ጊዜ ግን በወረቀት ለመያዝ አትድከሙ፤ ሰፌዱን ተቀብላችሁ አንድ ጊዜ ራሳችሁ ሞክሩት።